ፊትዎ ስላለበት ማይክሮስኮፕና ስለታሸገችው ሰባት ቁጥር ሱቅ

ለክቡር ካፒታን ዶሮቴዎ ጋሪንጋላዎ፣
የፑንታ ማሊናው ቀበሌ አስተዳዳሪ፣ የገበያችን አባት፣ የአሥራ ሁለቱ ማይክሮስኮፖች ለጋሽ፣
ባሉበት፤

ክቡር ካፕ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ ቀጥሎም በገበያው መግቢያ በትልቅ ሸራ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ነፋስ የግራውን ገመድ በጥሶት ጆሮዎ ሲውለበለብ ስለሰነበተ፣ እኛ የስልክ ጠጋኞች ተረዳድተን በሽቦ አስረነዋልና በጆሮዎ በኩል ሐሳብ አይግባዎ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ከአንዳችን በስተቀር ደህና ነን፤ የአንዳችንን ነገር ከታች እደርስበታለሁ።

ጸሐፊዋ ሊዮኒላ ሱማጋይሳይ እባላለሁ፤ በገበያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ስምንት ቁጥር ሱቅ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ስጠግን የኖርኩ፣ ደንበኞቼ በአክብሮት ናንግ ኒላ የሚሉኝ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ "ካፕ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ናንግ" ብላ በፈገግታ መልሳኛለች። ሰሌዳው ግን ስብሰባ ስለማይገባ እሱን መረጥኩ።

የማኒላ ሰዎች እኛን ኢሎንጎዎችን "ስትቆጡም እሹሩሩ የምትሉ ነው የሚመስለው" ይሉናል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን ጽሑፍ በሰው ፊት የሚያነቡት ከሆነ በለስላሳው ዜማችን እንዲያነቡት ይሁን፤ የተጻፈውም በዚያው ዜማ ነው።

ምስጋናውን ላስቀድም። ከሁለት ወር በፊት ለአሥራ ሁለታችን የገበያው ጠጋኞች ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ባለ ስክሪን ማይክሮስኮፕ ሰጥተውናል። ከዚያ በፊት ስለ ዓይናችን የጠየቀን ሹም አልነበረም፤ በግንባራችን ላይ አጉሊ መነጽር አስረን እንደ ሰዓት ሠሪ ስናጎነብስ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። አንገታችንን ያሰበልን ሰው በመገኘቱ ከልብ ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታው ለአራት ቀን ያህል ቆይቷል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ያጋጠሙንን ጥቃቅን ነገሮች ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጥሩ።

ማይክሮስኮፖቹን የመረጡት የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢና የምክር ቤቱ አባል ካጋዋድ ዊልማር መሆናቸውን እናውቃለን፤ እሳቸውም አልደበቁንም። በምረቃው ዕለት ካርቶኑን ከፍ አድርገው "አንድ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ ያጎላል! እስቲ ከዚህ የሚበልጥ አይታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ!" አሉን። ማንም እጁን አላወጣም፤ ያላወጣነው ባለማየታችን ሳይሆን ለግብዣው የተዘጋጀው ፓንሲት ሳይቀዘቅዝ ንግግሩ እንዲያልቅልን ፈልገን ነው።

ክቡር ካፕ፣ እኛ የምንጠግነው ስልክ ነው። በስልክ ቦርድ ላይ ያለችው ትንሿ ዕቃ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙ ታንሳለች፤ ቢሆንም ከአሥር እስከ አርባ ጊዜ ከጎላች ልቧን አውጥታ ታሳየናለች። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ሥዕል እየለጠጡ የሚያገኙት ነው፤ ሥዕል ደግሞ ሲለጠጥ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። ለዚህ የመግቢያው ፎቶግራፍዎ ምስክሬ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ሲያዩት ቆንጆ ሰው ነዎት፣ ከሥሩ ቆሞ ላየዎት ግን አፍንጫዎ አራት ቡናማ ሳጥን ነው።

ቁጥሩን እንኳ እንለፈው። የማይታለፈው ክፍተቱ ነው። የሰጡን ማይክሮስኮፕ ጥርት አድርጎ የሚያየው ሌንሱ ከቦርዱ ሁለት ጣት ያህል ሲርቅ ብቻ ነው። በዚያች በሁለት ጣት ቦታ ውስጥ የጋለ መበየጃ፣ ወረንጦ፣ ሁለቱን የያዙ ሁለት እጆች፣ የብየዳው ቅባትና ጭሱ መግባት ነበረባቸው። እስካሁን በምቾት የገባው ጭሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሌንሱ ላይ ተቀምጦ አልወርድም ብሏል።

በምረቃው ላይ ካጋዋድ ዊልማር ጉንዳን ይዘው ከሌንሱ ሥር ማስቀመጣቸውን፣ የጉንዳኗ እግር ፀጉር በስክሪኑ ላይ ሲታይ ክቡርነትዎ ተነሥተው ማጨብጨብዎን አስታውሳለሁ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እውነቱን ለመናገር ለጉንዳን ጥገና ተወዳዳሪ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ችግሩ እስከ ዛሬ ጉንዳኑን ተበላሸብኝ ብሎ ያመጣልን ደንበኛ አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊትዎ።

በእኛ አገር ሹም የሰጠው ነገር ሁሉ የሹሙን ስምና ፊት እንደሚሸከም አውቃለሁ፤ ዣንጥላውም፣ የሩዝ ከረጢቱም፣ የሬሳ ሣጥኑ መኪናም። በማይክሮስኮፑ ማቆሚያ ላይ "ከካፕ ዶሮቴዎ በፍቅር" የሚል ተለጣፊ መኖሩ አልከፋንም፤ ፍቅርን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ኮሚቴው ከአቅራቢው ጋር ተነጋግሮ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ፊትዎ ለአሥራ ሁለት ሰከንድ በሙሉ ስክሪን እንዲወጣ፣ ከዚያም በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ በትንሹ ተቀምጦ እንዳይጠፋ አስደርጓል።

የቀበሌያችን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት እንደሚወድ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር ማይክሮስኮፑ ጠፍቶ ይነሣል፤ ሲነሣ እርስዎ ይመጣሉ። መበየጃዬ በአንድ ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ላይ እንዳለ፣ ከሥሩ ያለችው ዕቃ ልትንሳፈፍ ስትል፣ እርስዎ ለአሥራ ሁለት ሰከንድ ፈገግ ይሉልኛል። ባለፈው ማክሰኞ በአንድ ከሰዓት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ተያይተናል፤ ከባለቤቴ ጋር እንኳ በቀን ይህን ያህል ተያይተን አናውቅም።

የጥጉ ፊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስክሪኑ ለደንበኛ እንዲታይ ተደርጎ እንዲቀመጥ መመሪያ ሰጥተውናል፤ ግልጽነት ጥሩ ነው ብዬ እኔም ደግፌ ነበር። ዓሣ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት የስልካቸውን የዛገ ቦርድ ከፊትዎ ጋር ጎን ለጎን ሲያዩት "ናንግ ኒላ፣ ስልኬን ያበላሸው ይሄ ሰውዬ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም "አይደሉም፣ እሳቸው ለጋሹ ናቸው" ብዬ ስምዎን አንጽቻለሁ። አሮጊቷ ግን አንገታቸውን እየነቀነቁ "ታዲያ ንጹሕ ከሆነ ምን ሊሠራ እዚያ ገባ?" አሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ብርሃኑ በአጭሩ።

አምፖሎቹ በሌንሱ ዙሪያ ተደርድረው ቀጥታ ወደ ታች ስለሚያበሩ፣ የተበየደ እርሳስ ሁሉ እንደ መስታወት ብርሃኑን መልሶ ይተፋዋል። የተሰነጠቀውና ያልተሰነጠቀው እኩል ነጭ ነው። መብራት ከጎንና ከጎን ሲመጣ፣ ለስለስ ብሎም ሲመጣ፣ ጥላ ይሠራል፤ በስክሪን ላይ ጥልቀት ስለማይታይ ከፍታና ዝቅታን የምናውቀው በዚያ ጥላ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሰው ከአይስክሬም ዕቃ ክዳን በመቀስ የቆረጡትን ነጭ ፕላስቲክ ከአምፖሉ ፊት ያስሩ ነበር። ኮሚቴው አይስክሬሙን ቢበላና ክዳኑን ቢያስቀር ኖሮ ግማሹን ችግራችንን በነፃ ይፈታ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ጸበሉ።

ይህን የምጽፈው በታላቅ ፍርሃት ነው፤ ቅሬታዬ በጸበሉ ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነውና ቤተ ክርስቲያን ይቅር ትበለኝ። ማንኛውም አዲስ ነገር ሳይባረክ ሥራ እንደማይጀምር የታወቀ ነው፤ ታክሲም፣ ሱቅም፣ የዶሮ ቤትም ይባረካል። ነገር ግን ካጋዋድ ዊልማር አሥራ ሁለቱም ማይክሮስኮፖች በርተው፣ አሥራ ሁለቱም ላይ ፊትዎ እየሳቀ፣ ቄሱ እንዲረጩ አደረጉ። አንዳችን "ካጋዋድ፣ መጀመሪያ እናጥፋው እንጂ" ብንል "ሲጠፋ ፊቱ አይታይም፣ ለፎቶው አያምርም" ተባልን። ቄሱም በደስታ ቀን ክንዳቸው ብርቱ ነው፤ አልቆጠቡም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኛም ሦስት ማይክሮስኮፕ አጠብን። ሦስት ፊቶችዎ አንድ ጊዜ ብልጭ ብለው ጠፉ።

እነዚያን ሦስቱን ማን እንዳዳናቸው ለክቡርነትዎ የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። በሰባት ቁጥር ሱቅ ያሉት፣ ሁላችንም በአክብሮት ኖንግ ቴርዮ የምንላቸው ኤሌውቴርዮ ቱቦንግባኑዋ ናቸው። ምሳቸውን ሳይበሉ ሦስቱን ፈትተው፣ አጥበው፣ አድርቀው፣ የተቃጠለውን ለውጠው በማግሥቱ ለባለቤቶቹ መለሱ። የተቃጠለውን ያዩበት መሣሪያ ደግሞ የራሳቸው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነው። ክቡርነትዎ ከስጦታው በቀር በሌላ መሥራት አይቻልም ብለው በመመሪያ ቁጥር አሥራ አራት የከለከሉት ማይክሮስኮፕ፣ ክቡርነትዎ የሰጡትን ማይክሮስኮፕ ከሞት አስነሥቷል። ለዚህም በእርስዎ ስም አመስግኛቸዋለሁ፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ።

አምስተኛው ቅሬታ የካጋዋድ ዊልማርን ሥልጠና የሚመለከት ነበር፤ ኖንግ ቴርዮ አንብበውት "ይሄንን እንኳ ሰርዢው፣ ኢንዳይ፤ እናቱ የክርስትና እናቴ ናት" ስላሉኝ ሰርዤዋለሁ።

ስድስተኛ፣ ዋናው።

አሁን ለስለስ ማለቱ ይቸግረኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

ኖንግ ቴርዮ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በሰባት ቁጥር ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ከእኛ ከአሥራ ሁለታችን ስድስታችን መበየጃ መያዝ የተማርነው ከእሳቸው ነው። እኔን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እስከ ዛሬ ኢንዳይ ነው የሚሉኝ፤ ልጄ እንደማለት፤ እኔም ደስ ይለኛል። ቀኝ እጃቸው ትንሽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ሥራ ያቆማሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን "እጅ የሚንቀጠቀጠው ዓይን ሲጠራጠር ነው" ብለው ማይክሮስኮፕ ፍለጋ ወጡ።

እንዴት እንደመረጡ ልንገርዎት፤ ለሚቀጥለው ኮሚቴ ይጠቅማል። ወደ ሻጮቹ ዘንድ የሄዱት የሞተ ቦርድ፣ አንድ ሳንቲምና የጥርስ እንጨት በኪሳቸው ይዘው ነው። ሳንቲሙን ከሌንሱ ሥር አድርገው ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳሉ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሳንቲም ከእጃቸው ወደ ኋላ ከቀረ አመስግነው ይወጣሉ፤ ዘግይቶ በሚያይ ዓይን የሚበይድ ሰው ጣቱን ነውና የሚበይደው። ከዚያ በጥርስ እንጨቱ እንደ መበየጃ ቦርዱን እየነኩ እጃቸው እንደ ልብ መዞሩን ያያሉ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ አድርገው ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይቆጥራሉ። አንዱ ሻጭ ተናዶ "ኖንግ፣ ልትገዙ ነው ወይስ ልትደበድቡት?" ሲላቸው፣ "ላገባው ነው፣ ቶቶ፤ ፀባዩን እያየሁ ነው" አሉት፤ ቶቶ ለወንድ ልጅ የሚባል ኢንዳይ ነው።

እኔም አብሬያቸው ነበርኩና ስለ ካርቶኑ ቁጥር ጠየቅኋቸው። "ካርቶኑን አትስሚው፣ ኢንዳይ። ካርቶን ሁሉ ይዋሻል፤ ደሞዙ እኮ ለዚያ ነው። እጅሽን ከሥሩ አስገቢ፤ እጅሽ ከተመቸው ያንቺ ነው" አሉኝ። በመጨረሻም የገዙት በካርቶኑ ላይ ትንሹ ቁጥር ያለውን ነበር። የጥርስ ሐኪም ጥሎት በነበረ የመብራት ክንድ ላይ ሰቀሉት፤ ከቦርዱ አንድ ስንዝር ይርቃል፤ ከሌንሱ ፊት ጭሱ እንዲያርፍበት ርካሽ መስታወት አድርገውለታል፤ መስታወቱ ሲቆሽሽ ይጠርጉታል፣ ሌንሱን ማንም አይነካውም። ስክሪኑን በዓይናቸው ትክክል ስለሰቀሉት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይሠራሉ። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ቦርዱ ሲደርስ ግን ያቆማል። እንዴት እንደሚያቆም አላውቅም፤ ብቻ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

የእርስዎንም ማይክሮስኮፕ አልናቁም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። መመሪያው ሲወጣ የራሳቸውን ሸፍነው በስጦታው ዘጠኝ ቀን ሠርተዋል። በዘጠነኛው ቀን የአንዲት አስተማሪ ስልክ ላይ ሳሉ መብራት ብልጭ አለ፣ እርስዎም መጡ። በአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ፊትዎ ገለል ሲል ኖንግ ቴርዮ አውራ ጣታቸውን አቃጥለው፣ ከቦርዱ ላይ አንዲት ቺፕ ከነመሠረቷ ነቅለው ተገኙ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰው ስልክ ሲገድሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። የራሳቸውን ስልክ ለአስተማሪዋ ሰጥተው፣ በሩን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ የእርስዎን ማይክሮስኮፕ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ምስል አጠገብ አስቀመጡትና ወደ አሮጌው ተመለሱ።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ካጋዋድ ዊልማር ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች አስከትለው መጡ። "ኖንግ፣ የካፕን ስጦታ ለምን አትጠቀሙም?" ብለው ጠየቁ። ኖንግ ቴርዮም በዚያው በሚያውቁት ለስላሳ ድምፃቸው "ቶቶ ዊልማር፣ ፊቱንስ እወደዋለሁ፤ ሥራዬን ጋረደብኝ እንጂ" አሉ። እኔ ከስምንት ቁጥር ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አሥራ አንዱም ሱቅ ሰምቷል፤ ከጠባቂዎቹ አንዱም ሳቁን በሳል ሸፍኖታል። ካጋዋድ ግን አልሳቁም። ኖንግ ቴርዮ ካቻቪቴያቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጥተው በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ላይ ማኅተም ያለበት ቀይ ወረቀት ተለጠፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን አባባል አስታውሼ፣ ከሁለቱ ስለ ወረቀቱ ብቻ እየተናገርኩ መሆኔን በአክብሮት አረጋግጣለሁ።

በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ሱቁ እስከ መጪው ሐሙስ ካልተከፈተ ለሌላ ተከራይ ይሰጣል። ዛሬ ሰኞ ነው። ኖንግ ቴርዮ በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጣሉ፤ ከተዘጋው በር ፊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ስናወራቸው ያወራሉ፣ ቀልድም ያመጣሉ። እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ሳያቆም ይንቀጠቀጣል፤ የሚያቆምበት ሥራ የለውማ። ይህን ማየት ያመኛል፣ ካፕ። እዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። መመሪያ ቁጥር አሥራ አራት ይነሣ፤ ካልተነሣም "ጠጋኝ እጁ በተመቸው ማይክሮስኮፕ ይሥራ" የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። የሰባት ቁጥር ሱቅ ማኅተም ከሐሙስ በፊት ይቀደድ። ፊትዎን በተመለከተ፣ ከስክሪኑ ወርዶ ወደ ማቆሚያው ተለጣፊ ቢዛወር አንቃወምም፤ እዚያ እጃችን ስለማይደርስ ለረጅም ዘመን ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። ማይክሮስኮፖቹ ያለ ሥራ ይቀራሉ ብለውም አይጨነቁ፤ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር አሥራ ሁለቱንም ለጉንዳንና ለቅጠል እንደሚፈልጋቸው ነግሮኛል። ፊትዎ ከስክሪኑ ባይወርድም ልጆቹ ከእኛ ይልቅ በትዕግሥት ያዩታል፤ ከትምህርት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይቀነስላቸዋልና።

ጉዳዩን በራስዎ ዓይን ማየት ከፈለጉም በሬ ክፍት ነው። ወንበሬን እለቅልዎታለሁ፤ የጋለ መበየጃ በቀኝ እጅዎ፣ ወረንጦ በግራዎ ይይዛሉ፤ ከስጦታዎ ሥር አንዲት ዕቃ ያነሣሉ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። የቃጠሎ ቅባት በመሳቢያዬ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ከመመሪያው በኋላ ትልቁን ዕቃ ነው የገዛሁት።

ለአንገታችን ያሰቡ፣ ጣታችንን የረሱ፣ ልብዎ ሰፊ፣ ሸራዎ ከልብዎ የሚሰፋ አባታችን ሆይ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ስብሰባዎ ይጠር፤ ጆሮዎን በሽቦ ያሰርንልዎ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድዎን ቆመን የምንጠብቅ፣ ታዛዥ ጠጋኞችዎ፤

በሁሉም ስም፣
ሊዮኒላ ሱማጋይሳይ
ስምንት ቁጥር ሱቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቀዩ ወረቀት አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክቡር ባለቤትዎ ናንግ ሉርደስ ያለፈው ረቡዕ የእርስዎን ስልክ ይዘው መጥተው ነበር፤ ባቾይ ሾርባ ውስጥ ወድቆ፣ በከተማው ሁለት ትልልቅ ሱቆች "ሞቷል" ተብሎ። ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶት የየመንደሩ አስተባባሪዎችዎ ቁጥር ሁሉ በውስጡ ስለሆነ እያለቀሱ ነበር። ኖንግ ቴርዮ ያን ዕለትና በማግሥቱ ጠዋት ሠርተው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አስነሡት፤ በየትኛው ማይክሮስኮፕ እንደሆነ አይጠይቁኝ። ከቻርጀሩ ጋር አያይዘው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካጋዋድ ዊልማር መጡ። "ትልቅ ሱቅ ሰጥቼዋለሁ" ብለውዎት ከሆነ ናንግ ሉርደስን አይቆጧቸው። ስልክዎ ከሐሙስ ጀምሮ ከተዘጋው በር ውስጥ ሲጮህ ይውላል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ጥገናው ተሳክቷል። ኖንግ ቴርዮም በጮኸ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉና ቀዩን ወረቀት አይተው መልሰው ይቀመጣሉ፤ ማኅተሙን የነካ በሕግ ይጠየቃል ከሚለው በታች ያለው ፊርማ የእርስዎ ነውና።